ጋዜጠኛው ሲሾም ማን ይጽፍበታል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ከቦሳ ኪቶ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም ከአገር የወጣው ገና ወጣት ሳለ ነው። እዚያ ጋዜጠኛ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ አክቲቪስት ሆነ። አሁን ‹ጅማ መጥቼ እወዳደራለሁ፤ ለውጥ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል› እያለ ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር ቤታችን ለሁለት ይከፈላል። እናቴ ‹ጋዜጠኛ ከሆነ አርፎ ይጻፍ› ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ‹ከእሱ የተሻለ ማን አለ?› ባይ ነው። ለመሆኑ ስደተኛ ሆኖ ጋዜጠኛ፣ ከዚያ አክቲቪስት፣ ከዚያ ፖለቲከኛ ሆኖ የተሳካለት ሰው በታሪክ አለ? ካለስ ሳይበላሽ ዘለቀ?»

እህቴ፣ እዚሁ ጅማ ታሪክ ነው የማስተምረው፤ ጥያቄሽም ከማስተምረው ነገር ብዙ አይርቅም። አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ከአጎትሽ መንገድ ጋር በጣም የሚቀራረበው ካርል ሹርዝ የሚባል ጀርመን ነው። ሳይበላሽ ዘለቀ ወይ ላልሽው ግን መልሱ ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሹርዝ በ1829 ኮሎኝ አጠገብ ሊብላር በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደር አስተማሪ ነበር። ቦን ዩኒቨርሲቲ ሲማር በጀርመን ነገሥታት ላይ የተነሳው የ1848ቱ አብዮት ፈነዳ። ጎትፍሪድ ኪንከል የሚባል መምህሩ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበርና ልጁን አብሮት አስገባው። በዓመቱ ግን ብዕሩን አስቀምጦ ጠመንጃ አነሳ። አብዮቱን የሚያፍነው የፕሩሺያ መንግሥት ጦር ራሽታት የሚባለውን የአብዮተኞች ምሽግ ከቦ እጅ ሲያሰጥ ሹርዝ ውስጥ ነበር። ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ተደብቆ አመለጠና ስዊዘርላንድ ገባ።

መምህሩ ግን ተያዘ። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በርሊን አጠገብ ስፓንዳው እስር ቤት ተወረወረ። ሹርዝ በዘመዱ ፓስፖርት ተመልሶ ጀርመን ገባ። አንድ የእስር ቤት ጠባቂ በገንዘብ ያዘ። በኖቬምበር 1850 አንድ ሌሊት ኪንከልን ከጣሪያው ሥር ካለ መስኮት በገመድ አወረዱት። ታች ሹርዝ ይጠብቃል። በሠረገላ ሰሜን ድረስ ጋልበው ከሮስቶክ ወደብ በመርከብ ስኮትላንድ ገቡ። ወሬው አውሮፓን አዳረሰው። ልጁ 21 ዓመቱ ነበር። ዛሬ አክቲቪስት ሲባል ሌሊት ላይቭ ገብቶ የሚጮህ ሰው ነው የሚመጣብን፤ ሹርዝ ሲጮህ አልነበረም፣ ገመድ ይዞ ነው የሄደው።

ፓሪስ ሆኖ ለጀርመን ጋዜጦች እየጻፈ ኖረ። በ1851 ከዚያም አባረሩት። ለንደን ላይ ማርጋሬተ ማየርን አገባና በ1852 ኒው ዮርክ ገቡ። (ማርጋሬተ ራሷን የቻለች ታሪክ ናት። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት በ1856 ዊስኮንሰን ውስጥ ዋተርታውን ላይ የከፈተችው እሷ ናት። የባሏ ስም ስለገነነ ብዙ ሰው አያነሳትም።)

አሜሪካ ሲደርስ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር ማለት ይቀላል። እንዴት እንደተማረ ልንገርሽ፤ ሰውየውን የሚያሳየው እሱ ነው። በየቀኑ አንድ የፊላደልፊያ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። ርዕሰ አንቀጹን፣ ዜናውን፣ ጊዜ ከተረፈው ማስታወቂያውን ሳይቀር ያነባል። ያልገባውን በመዝገበ ቃላት ይፈታል። ጠንከር ሲል በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በብዕር ስም የተጻፉ ኃይለኛ የፖለቲካ ደብዳቤዎችን አወጣ። አንዱን ደብዳቤ ወደ ጀርመንኛ ይተረጉማል። ትንሽ ያቆየዋል። ከዚያ የራሱን ጀርመንኛ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉምና ከዋናው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያስተያየዋል። የት ጋ እንደተሸነፈ ያያል። በጥቂት ዓመት ውስጥ አገሩ ላይ ከተወለዱት ጋር መድረክ የሚካፈል ተናጋሪ ወጣው።

በ1857 የዊስኮንሰን ሪፐብሊካኖች ለምክትል አገረ ገዥነት አጩት። በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። የሚገርመው ሲያጩት ዜግነቱ ገና አላለቀለትም ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበልና ወደ አጎትሽ እንምጣ፤ የእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።

አጎትሽ የየትኛው አገር ፓስፖርት ነው የያዘው? በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ብዙ ሰው «ቢጫ ካርድ አለኝ እኮ» ይላል። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ ንብረት ያስይዛል። ነገር ግን ካርዱን ያመጣው የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ራሱ ባለ ካርዱ እንዳይመርጥና እንዳይመረጥ በግልጽ ይከለክላል። ስለዚህ አጎትሽ የሌላ አገር ዜጋ ከሆነ፣ ጅማ አደባባይ ላይ ሕዝብ ቢሰበስብም እጩ አይሆንም። መመለስ ግን ይቻላል። መኖሪያውን ኢትዮጵያ ያደርጋል፣ የያዘውን ዜግነት ይተዋል፣ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ያመለክታል። እንግዲህ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ልጆቹ፣ ጡረታው፣ ሕክምናው ሁሉ እዚያ ሊሆን ይችላል። «እወዳደራለሁ» የሚለው ቃል የምር መሆኑ የሚታወቀውም እዚህ ጋ ነው። ውዝግቡ ወደ ቡናው ከመምጣቱ በፊት ይህቺ ነገር ትጥራ።

ወደ ሹርዝ ልመለስ። በ1859 ማሳቹሴትስ ግዛት ስደተኞች ዜግነት ካገኙ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይቆዩ እንዳይመርጡ ሊከለክል ተነሳ። ሹርዝ ቦስተን ሄዶ ፋንዩል አዳራሽ ውስጥ ተናገረ። የንግግሩ ፍሬ ነገር፣ አገሪቱ የቆመችበት የእኩልነት መርሕ ዛሬ ለአንዱ ከተነፈገ ነገ ለሌላውም አይቆምም የሚል ነበር። ባሪያ ንግድንና ባርነትን የሚቃወመውም በዚሁ ክር ነው። በ1860 ለሊንከን ከከተማ ከተማ እየዞረ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ቀሰቀሰ። ሊንከን ሲመረጥ በስፔን የአሜሪካ መልዕክተኛ አደረገው። በባርነት ሰበብ ሰሜኑና ደቡቡ የተፋለሙበት የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ማድሪድ አልቀመጥ አለና ተመልሶ ጄኔራል ሆነ፤ ጌቲስበርግ ላይ ተዋግቷል።

ጦርነቱ እንዳለቀ በ1865 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ደቡቡን ዞሮ እንዲያይ ላኩት። አየ፣ ጻፈ። ነጻ የወጡት ጥቁሮች በጉልበት ወደ ቀድሞው እየተመለሱ መሆኑን፣ የመምረጥ መብት ካልተሰጣቸው ነጻነቱ የስም ብቻ እንደሚሆን ዘርዝሮ አቀረበ። ጆንሰን መስማት የፈለጉት ይህን አልነበረም። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ኋላ ሴኔቱ ነው ሪፖርቱን አስወጥቶ ያሳተመው። ለእኔ የሹርዝ ምርጡ ጋዜጠኝነት ይህ ነው፤ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው የማይፈልገውን ጻፈ።

ከዚያ ወደ ሙያው ተመለሰ። ለኒው ዮርክ ትሪቢዩን ከዋሽንግተን ዘገበ፣ ዲትሮይት ላይ ጋዜጣ አዘጋጀ፣ በ1867 ሴንት ሉዊስ ገብቶ ቬስትሊሸ ፖስት የተባለው የጀርመንኛ ጋዜጣ ባለድርሻና አዘጋጅ ሆነ። በ1868 ጋዜጣው አንድ ቀጭን የሃንጋሪ ስደተኛ ሪፖርተር ቀጠረ፤ ጆሴፍ ፑሊትዘር ይባላል። አዎ፣ ሽልማቱ በስሙ የሚጠራው ሰው። ፑሊትዘርን ያነሳሁት ሁለት ባርኔጣ በአንድ ራስ ላይ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ ስለሚያሳይ ነው። ሪፖርተር እንደሆነ የሚዙሪ ምክር ቤት አባል ሆነ። ኤድዋርድ ኦገስቲን የሚባል ባለሥልጣንና ተቋራጭን በአንድ የግንባታ ውል ሰበብ በጋዜጣም በምክር ቤትም ያሳድደው ነበር። ሰውየው ሆቴል ውስጥ ሰው ፊት ውሸታም አለው። ፑሊትዘር ሄዶ ሽጉጡን ይዞ መጣና ተኩሶ እግሩን አቆሰለው። ይህ በ1870 ነው። ዘጋቢ ብቻ ቢሆን ማስረጃውን ያወጣ ነበር፤ የምክር ቤት አባል ብቻ ቢሆን መልስ ይሰጥ ነበር። ሁለቱንም ሲሆን ጽሑፉ የራሱ ጠብ ሆነ። ኋላ በ1885 ኒው ዮርክን ወክሎ ኮንግረስ ገባ፤ በማግስቱ ዓመት ለቀቀ። ጋዜጣው ይበልጥበት ነበር፤ ትክክልም ይመስለኛል።

ሹርዝ ግን ፖለቲካውን ወደደው። በ1869 ሚዙሪን ወክሎ ሴኔት ገባ። ተወልዶ ያደገው ጀርመን ሆኖ አሜሪካ ሴኔት የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ከራሱ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ከዩሊሰስ ግራንት ጋር ሆድና ጀርባ ሆኑ። ግራንት ሳንቶ ዶሚንጎን (የዛሬዋን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ) ጠቅልለን እንያዝ ሲሉ ሹርዝ ተቃወመ። ሙስናው ሲበዛ ዝም አላለም። «አገሬ ትክክል ከሆነች ትክክል ሆና እንድትቆይ፣ ከተሳሳተች ትክክል እንድትሆን» ያለው በዚያ ሰሞን፣ በ1872 ሴኔት ውስጥ ነው።

ሪፎርመር ያሰኘው ዋናው ጉዳይ ግን የመንግሥት ቅጥር ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ፓርቲ ሲያሸንፍ ከፖስታ ቤት ጸሐፊ እስከ ጉምሩክ መርማሪ ድረስ የራሱን ሰው ያስገባል። የተቀጠረው ደግሞ ከደመወዙ ለፓርቲው መዋጮ ይቆረጥበታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እነሱም ዘንድ ይሠራ ነበር። አንቺም ጅማ ውስጥ ዲግሪውን በላስቲክ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ። ማስታወቂያው ዛሬ ተለጥፎ ቦታው ትናንት የተያዘ ከሆነ፣ ስለምን እንደማወራ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሹርዝ የጠየቀው ቀላል ነገር ነው። ፈተና ይሰጥ፣ ያለፈ ይቀጠር፣ ያለ ጥፋት ማንም አይባረር።

በ1877 ፕሬዚዳንት ሄይስ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጉት። መሬት፣ ደን፣ ጡረታ፣ የቀደምት አሜሪካውያን ጉዳይ ሁሉ በእሱ ሥር ነው። (ዘመኑን በእኛ ለመገመት፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር የጅማን ዙፋን የያዙት በ1878 ነው።) በሚኒስቴሩ የፈተና ቅጥር ጀመረ። ዕድገት በዘመድ መሆኑ ቀርቶ በሥራ ሆነ። የመንግሥት ደን የሚጨፈጭፉትን ከሰሰ፤ በዚህ ምክንያት ምዕራቡ ላይ ብዙ ጠላት አፈራ። አይበገሬ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል።

ፖንካ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ኔብራስካ ውስጥ ናዮብራራ ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር። መንግሥት በ1868 ሱ ከሚባሉ ሌሎች ነባር ሕዝቦች ጋር ሲዋዋል የፖንካዎችን መሬት በስህተት ለሱዎች ሰጠው። ስህተቱን በማረም ፈንታ በ1877 ፖንካዎቹን ነቅሎ ወደ ደቡብ፣ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ወሰዳቸው። በወባና በረሃብ አለቁ። ስታንዲንግ ቤር የተባለው አለቃቸው ልጁ ሞተበት። ልጁ ሳይሞት አባቱን አንድ ነገር አስምሎት ነበር፦ በአያቶቼ መሬት ቅበረኝ። በጃንዋሪ 1879 አባትየው 30 ከሚያህሉ ሰዎች ጋር አስከሬኑን በጋሪ ይዞ በብርድ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ያለ ፈቃድ ነበርና ወታደር አስቆማቸው። እንዲያዙ ያዘዘው የሹርዝ መሥሪያ ቤት ነው።

ይህን ለዓለም ያሰማው ማን መሰለሽ? ጋዜጠኛ ነው። ቶማስ ቲብልስ የኦማሃ ሄራልድ ምክትል አዘጋጅ ነበር። ወሬውን ሰማ፣ አለቃው የተያዘበት የጦር ምሽግ ድረስ ሄዶ አናገረው፣ ጻፈ፣ በቴሌግራፍ ወደ ምሥራቅ ከተሞች ላከ፣ በነጻ የሚቆሙ ጠበቆች ፈለገ። በሜይ 1879 ዳኛ ኤልመር ደንዲ ነባሩም ሕዝብ በሕግ ፊት ሰው ነው፣ ያለ ሕግ ተይዟልና ይለቀቅ ብለው ፈረዱ። ቲብልስ ከዚያም አልቆመም። ስታንዲንግ ቤርን ይዞ ቦስተን ድረስ አዳራሽ ለአዳራሽ አዞረው። ሹርዝ ከ20 ዓመት በፊት ስለ እኩልነት በተናገረባት ከተማ አሁን ሕዝብ የሚሰበሰበው በሹርዝ ላይ ነው።

ሹርዝ ምን አለ? በደል መፈጸሙን አልካደም። ነቀላው የተወሰነው እሱ ከመሾሙ በፊት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ግን ሕዝቡን ወደ መሬቱ አልመልስም አለ። እነዚህ ከተመለሱ ሌሎቹም ይከተላሉ፣ የሚለቁትን ቦታ ነጭ ሰፋሪ ይወርረዋል ነው ምክንያቱ። የቢሮ ሰው ምክንያት ነው። ሔለን ሀንት ጃክሰን የምትባል ጸሐፊ በጋዜጣ ስትሞግተው፣ ሰው ለክስ የሚሆን ገንዘብ ማዋጣቱ ከንቱ ነው ብሎ መለሰላት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በሕግ ዓይን ሊያስኬድ ይችላል። በሠረገላ መጥቶ ወዳጁን ከስፓንዳው በገመድ ያወረደው ልጅ ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ልጠንቀቅ፤ ሹርዝ ጨካኝ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ቲብልስን አላሳሰረውም። ጋዜጣውን አላዘጋም። መልሱን በስሙ ፈርሞ በአደባባይ አወጣ፤ ጥያቄ ሸሽቶ አልተደበቀም። በ1881 ኮንግረሱ ለፖንካዎቹ ካሳ ፈቀደ፣ ከአለቃው ጋር የወጡትም ናዮብራራ ቀሩ። ይህ የሆነው ግን አንድ ሪፖርተር አልለቅ ስላለ ነው። ሚኒስትሩ የቀድሞ ጋዜጠኛ መሆኑ ለፖንካዎቹ ምንም አልጠቀማቸውም።

ሌላም ጥቁር ነጥብ አለበት፤ አንዳንድ ጸሐፊዎች አቅልለው ያልፉታል፣ እኔ አላልፈውም። በ1865 የጥቁሮችን መብት በዚያ ሪፖርት የተከራከረው ሰው፣ በ1871 ኩ ክለክስ ክላንን ለመምታት የወጣውን ሕግ ተቃወመ። የፌዴራል ሥልጣን በዛ፣ በጦርነቱ የተሸነፉት የደቡቡ አማፅያንም የፖለቲካ መብታቸው ይመለስ ባይ ሆነ። ከነጮቹ ጋር ዕርቅ ሲፈልግ ጥቁሮቹን ሜዳ ላይ ጣላቸው። የንጹሕ አስተዳደር ፍቅር አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። ሒሳቡ የተስተካከለ መዝገብ ያያሉ፣ ከመዝገቡ ውጭ የሚገደለውን አያዩም።

የቅጥሩ ጉዳይ መጨረሻው አሳዛኝም ስኬታማም ነው። በጁላይ 1881 ሹመት ፈልጎ ያጣ ቻርልስ ጊቶ የሚባል ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ አቆሰላቸው፤ በሴፕቴምበር ሞቱ። አገሩ ደነገጠ። በጃንዋሪ 1883 የፔንድልተን አዋጅ ጸደቀና የፈተና ቅጥር ሕግ ሆነ። መጀመሪያ ላይ የሸፈነው ከፌዴራሉ ሠራተኛ አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነው፤ ቀስ በቀስ ሰፋ። ሹርዝ ያኔ ሚኒስትር አልነበረም። ተመልሶ ጋዜጠኛ ሆኗል፤ የኒው ዮርክ ኢቭኒንግ ፖስት አዘጋጅ። ከዚያም በ1883 ወጣ። የቴሌግራፍ ሠራተኞች አድማ መትተው ነበር፣ ሹርዝና ባልደረባው ጎድኪን በጉዳዩ አልተግባቡም። በ1890ዎቹ ለሃርፐርስ ዊክሊ ርዕሰ አንቀጽ ይጽፍ ነበር፤ በ1898 ከስፔን ጋር ጦርነት ሲመጣ ጋዜጣው ወደ ጦርነቱ ሲያዘነብል እሱም ለቀቀ። በ1896 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩትን ማኪንሌይን ደግፎ፣ በ1900 ፊሊፒንስን ያዙ ብሎ ተቃወማቸው። ከፓርቲ ጓደኞቹ ጋር ደጋግሞ ተጣልቶ በ1906 ኒው ዮርክ ላይ ሞተ። ጠላቶቹ ወላዋይ ይሉታል። እኔ ለፓርቲ እንጂ ለሐሳብ ወላዋይ አልነበረም ባይ ነኝ፤ ከደቡቡ ጉዳይ በስተቀር።

እንግዲህ ለአጎትሽ። ቡናው ላይ ያለው ክርክር «ጋዜጠኛ ፖለቲካ ይግባ አይግባ» ከሆነ አያልቅም። ሹርዝ ገብቶ ብዙ ሠርቷል፤ እሱ ሴኔት ባይገባ የፈተናው ነገር ሌላ ሃያ ዓመት ይጓተት ይሆናል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው። እጩ ከሆንክ ቀን ጀምሮ ቻናልህን ማን ይይዘዋል? «እኔው» ካለ ፑሊትዘርን ንገሩት። ለገንዘብ የሚያዋጡልህ እነማን ናቸው፣ ዝርዝሩን ታወጣለህ ወይ? ዘመድ መቅጠርን የምትቃወም ከሆነ የእህትህ ልጅ ሥራ ፈላጊ ናት፣ ምን ታደርጋለህ? ይህኛውን አንቺ ራስሽ ብትጠይቂው ይሻላል፤ ሳቅ ሳቅ እያልሽ። ሲመልስ ፊቱን እዪው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ይላክላችሁ። እስከ ዛሬ ከጻፋቸው ውስጥ የገዛ ደጋፊዎቹን ያስቆጣ፣ ሰው ፔጁን መከተል የተወበት ጽሑፍ ካለ እሱን ይምረጥ። የሹርዝ የ1865 ሪፖርት ዓይነት። እናትሽም ወንድምሽም አንብበው ይከራከሩበት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከሌለው፣ የዘንድሮው ምርጫ ይለፈውና መጀመሪያ እሱን ይጻፍ።